ስለ ማሪዋና «እዚያ መድኃኒት፣ እዚህ ወንጀል» የሚሉኝን ምን ልበላቸው?

ዳንግላ መድኃኒት ቤት፦
ሰላም ለቤቱ። ዳንግላ ላይ አነስ ያለች መድኃኒት ቤት አለችኝ። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው መድኃኒት ገዝቶ ብቻ አይሄድም፤ ምክርም ይፈልጋል። ምክሩ በነፃ ነው።

ሰሞኑን አንዲት እናት መጣች። ልጇ የሚጥል በሽታ አለበት፣ ፌኖባርቢታል ይወስዳል። አሜሪካ፣ ዴንቨር ያለው ወንድሟ ደውሎ «እዚህ ከማሪዋና የሚወጣ ዘይት አለ፣ ሕጋዊ ነው፣ እልክልሻለሁ» ብሏታል። እሷም ክኒኑን ልታቋርጥ ምንም አልቀራት። «መንግሥት የፈቀደው ነገር ምን ይጎዳል ብለህ ነው?» አለችኝ።

ቡና ቤት በር ላይ የሚቀመጡት ጎረምሶች ደግሞ ሌላ ነው የያዙት። «ሌሶቶ ማሪዋና ማምረት ፈቅዳለች፤ እኛስ አፈሩም ውኃውም እያለን ምን ያግደናል?» ይላሉ። ጫት በዚህ አካባቢ የእህሉን ማሳ እንዴት እየገፋ እንደሄደ አይቻለሁና ወሬው አይዋጥልኝም።

ፖለቲካውን ተዉልኝ። ሕጉ ባለበት አገር የምትኖሩ፣ በሰፈራችሁ ምን አያችሁ? ዘይቱስ እውነት ነው?

የሞጣ ልጅ፦
ወንድምዓለም፣ እኔም ዴንቨር ነኝ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ሕጎች እንለይ፤ ያ አጎት የደባለቃቸው ይመስለኛል። ዴንቨር ያለችበት ክፍለ ግዛት ኮሎራዶ ለሕክምና የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2000 በሕዝብ ድምፅ ነው። ሐኪም ማስረጃ ይጽፍልሃል፣ ካርድ ታወጣለህ። ለመዝናኛ የሚፈቅደው ሕግ የመጣው በ2012 ድምፅ ሲሆን ሱቆቹ የተከፈቱት በ2014 መጀመሪያ ላይ ነው። አሁን ዕድሜው 21 የሞላ ሁሉ መታወቂያ አሳይቶ ይገዛል። ካርዱ ግን አልቀረም። ለምን ብትል አንዱ ምክንያት ታክስ ነው። የመዝናኛው ላይ ክፍለ ግዛቱ 15 በመቶ ይጥላል፤ ባለካርዱ 2.9 በመቶ ይከፍላል። ስለዚህ ካርድ የያዘ ሁሉ በሽተኛ ነው ብለህ አታስብ። የምሬን ነው።

ሰፈሩን ጠየቅከኝ። ከቅዳሴ ስንወጣ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበለናል። ሰማይ ግን አልተደፋም። ወጣቱ ሁሉ ያብዳል ተብሎ የተፈራውን ያህል አላየሁም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከረሜላው ነው። ማሪዋና ያለበት ከረሜላና ቸኮሌት ይሸጣል። ሕፃን ከተራ ከረሜላ በምን ይለየዋል? ሳያውቁ በልተው ሆስፒታል የሚገቡ ሕፃናት ቁጥር ከሕጉ በኋላ ጨምሯል። እኛ ቤት ደግሞ እንግዳ መጥቶ ቦርሳውን እንደ ልቡ ወለል ላይ ያስቀምጣል። ሚስቴ አሁን ቦርሳ ተቀብላ ቁም ሳጥን ላይ መስቀል ጀምራለች፤ አንዳንዱ ሰው ይከፋዋል፣ ይክፋው።

መልካሙንም ልንገርህ። ከመዝናኛው ታክስ ከፊሉ ለትምህርት ቤት ግንባታ እንዲውል ሕጉ ራሱ አዟል። ከተሞችም እንቢ የማለት መብት አላቸው። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የሕክምናውን ሱቅ ፈቅዶ የመዝናኛውን ለዓመታት ከልክሎ ነው የቆየው። የክልሉ ሕግ አንድ ሆኖ ሁለት ጎረቤት ከተሞች ለየቅል ይኖራሉ።

ሲስተር ከባሕር ዳር፦
እኔ የምመልሰው የልጁን ብቻ ነው። ጋሼ፣ እባክህ ያቺን እናት ፈልገህ አግኛት። ፌኖባርቢታል በድንገት ከተቋረጠ ልጁ ላይ ሳያቋርጥ የሚመላለስ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ይሄ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው።

ዘይቱ ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ኤፒዲዮሌክስ የሚባል መድኃኒት አለ። ከዕፁ ተጣርቶ የወጣ ሲቢዲ የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ አያሰክርም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ያጸደቀው በልጅነት ለሚጀምሩ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነበር፤ ሌኖክስ-ጋስቶና ድራቬ ይባላሉ። በኋላ አንድ ሌላ ሕመም ተጨምሯል። ለሁሉም የሚጥል በሽታ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከሌላው መድኃኒት ጋር ተደርቦ ይሰጣል እንጂ ያንን አስጥሎ አይደለም፤ ጉበትም በደም ምርመራ ይታያል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ዘይት ደግሞ ሌላ ነው። ተመርምሮ ሲታይ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው መጠን የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

እግረ መንገዴን፣ «የሕክምናው ማሪዋና ሕግ ሲወጣ እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከልክ በላይ ወስዶ የሚሞተው ሰው ይቀንሳል» የሚል ጥናት በ2014 ወጥቶ ብዙ ተወርቶለታል። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ስሌት እስከ 2017 ባለው መረጃ ደገሙት። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። ስለዚህ አንድ ወረቀት ይዞ የሚከራከር ሰው ሲያጋጥምህ ረጋ በል።

ጠበቃው፦
አጭር ልበል። የወንጀል ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ አንቀጽ 525ን አንብቡ። ማምረትም፣ ማስገባትም፣ መያዝም ያስጠይቃል። ዴንቨር የተገዛበት ደረሰኝ ቦሌ ላይ አይሠራም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ካናቢስን (ማሪዋናን) ከጥብቁ የቁጥጥር ሰንጠረዥ ያወጣው በ27 ለ25 ድምፅ ነው። ያም ቢሆን ቁጥጥሩ አልተነሣም። ዘይቱ ቢያዝ የምትጠየቀው ደግሞ ስሟ ጥቅሉ ላይ ያለው እናት ልትሆን ትችላለች።

የመራዊ ገበሬ ልጅ፦
ለጎረምሶቹ ደግሞ እኔ ልንገርልህ። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪዋና ለማምረት ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ናት። ተራራ ላይ ያለው ገበሬ ግን ድሮም በድብቅ ሲዘራው የኖረ ነው። ሕጉ ሲመጣ የፈቃዱ ክፍያ ለእሱ የማይቀመስ ሆነ። የውጭ ገዢ የሚፈልገው በአጥር፣ በጥበቃና በላቦራቶሪ የተያዘ ምርት ነው። የገባው ባለ ገንዘብ ኩባንያ ነው።

እኛ በጫት ያየነው ከዚህ ይለያል፤ ጫት ቢያንስ የገዛ ማሳህ ላይ ነው፣ ብሩም በእጅህ ይገባል። ይሄኛው ቢመጣ የኛ ድርሻ የአጥሩ ዘበኛ መሆን ነው። ማዳበሪያ በወቅቱ አልደርስ ብሎን እያለ የላቦራቶሪ ምርት እናመርታለን? ተዉን እስቲ።

ዳንግላ መድኃኒት ቤት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ እናትየዋን አገኘኋት። ክኒኑን አላቋረጠችም። የልጁ መጣል ግን በክኒኑም ስላልቆመ መጠኑ እንዲታይለት ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እንድትሄድ ነገርኳት። የትራንስፖርቱንና የማደሪያውን ከየት አመጣለሁ አለች።

የሞጣ ልጅ፦
ቀላል ነው። ወንድሟ ለዘይቱ ያሰበውን ዶላር በባንክ ይላክላት። ካስፈለገ እኔው ደውዬ እነግረዋለሁ፤ እዚህ ስንት እንደሚሸጥ አውቃለሁ፣ ለደርሶ መልስ ይተርፋታል።