በፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው የሰዓት ጾም ይጹም ወይስ ይተወው?

አስታማሚዋ ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)፦
አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ካንሰሩ ከፕሮስቴቱ ወጥቶ ስለተሰራጨ በየ3 ወሩ የሆርሞን መርፌ ይወጋል፤ በየቀኑ ደግሞ አቢራቴሮን የሚባለውን፣ የወንድ ሆርሞን እንዳይመረት የሚያግደውን እንክብል ይውጣል። ከ2 ወር በፊት «16 ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ በቀሩት 8 ሰዓታት ብቻ መብላት ካንሰሩን ያስርበዋል» የሚል ነገር ሰምቶ ጀመረ። እስካሁን 6 ኪሎ ቀንሷል። ቦርጩ ስለጎደለለት ደስ ብሎታል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ከወንበሩ ሲነሳ ሁለቱን መደገፊያዎች ይጫናል፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመልሶ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ሙከራ ነው የሚቆመው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሐኪሙን ስጠይቀው «ያሻውን ይብላ» ብሎ አለፈኝ። ይቀጥል ወይስ ያቁም? አቋማችሁን ከነምክንያቱ ንገሩኝ።

የ66 ዓመቱ ታካሚ፦
ይቀጥል ባይ ነኝ። መርፌው በተጀመረልኝ በመጀመሪያው ዓመት 9 ኪሎ ጨመርኩ፤ ሁሉም ወገቤ ላይ ነው የተከመረው። ስኳሬም ወጣ። ይህ የሕክምናው የታወቀ ዕዳ ነው፦ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን በመርፌው ሲወርድ ስብ ይከማቻል፣ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዙን ይቀንሳል፣ ልብና የደም ሥር ለአደጋ ይጋለጣሉ። ራቴን በጊዜ በልቼ እስከ ረፋድ መቆየት ስለምድ ክብደቴም ስኳሬም ተመለሱ። ደግሞም ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ ገና በ1920ዎቹ የካንሰር ሴል ግሉኮስን ከጤነኛው ሴል አብልጦ እንደሚፈጅ አሳይቷል። በስኳር የሚኖር ጠላት ስኳር ቢነፈገው ምን ክፋት አለው?

በካንሰር ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ፦
ጋሼ፣ ስለ ክብደትዎና ስለ ስኳርዎ ያሉት ልክ ነው፤ በየቀኑ የማየው ነው። በማስራቡ ግን አልስማማም። ሰው ባይበላም ጉበት የደም ስኳር ከልኩ በታች እንዲወርድ ዝም ብሎ አያይም። የራሱ ክምችት ሲሟጠጥ ከጡንቻ የመጣ ፕሮቲን አፍርሶ ግሉኮስ ይሠራል። ዕጢው ድርሻውን ያገኛል፤ የሚከፍለው ጭንና ክንድ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ በጊዜ የተያዘ እንደሆነ በግሉኮስ ላይ ያን ያህል አይመረኮዝም። ካንሰር ያለበትን ቦታ በምስል የሚያሳየው፣ በስኳር የሚሠራው የፔት ምርመራ ብዙ ጊዜ ይህንን ካንሰር አጉልቶ የማያሳየው፣ በምትኩ በፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ላይ የሚበዛውን ፒኤስኤምኤ የሚባል ፕሮቲን የሚከተለው ምርመራ የሚመረጠው አንዱም ለዚህ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ጡንቻው ነው። ጡንቻ የሚገነባውን ሆርሞን ሕክምናው ነጥቆታል፤ አጥንትም ይሳሳል። በዚህ ላይ ምግቡ ሲያንስ ወድቆ ዳሌ መሰበር ሩቅ አይደለም። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር መመሪያ ለካንሰር ታካሚ በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ70 እስከ 105 ግራም መሆኑ ነው። የምግብ ፍላጎቱ የቀነሰ የ71 ዓመት ሰው ይህን ሁሉ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዴት ይጨርሰዋል? ያው መመሪያ የተጎሳቆለ ወይም ለመጎሳቆል የተቃረበ ታካሚ ምግብ በሚቀንስ ሥርዓት ውስጥ እንዳይገባ በግልጽ ይከለክላል።

ፋርማሲስት ነኝ፦
ከመፍረዴ በፊት አንድ ጥያቄ። እህቴ፣ አባትሽ እንክብሉን በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት? ከምን ጋር?

አስታማሚዋ ልጅ፦
ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ አብሮ ከታዘዘለት ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው የስቴሮይድ እንክብል ጋር አንድ ላይ፣ በባዶ ሆዱ። የመጀመሪያ ምግቡ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሰሞኑን ሆዴን ያቃጥለኛል ይላል።

ፋርማሲስቱ፦
እንዳሰብኩት ነው። አቢራቴሮን በባዶ ሆድ መዋጡ ትክክል ነው፤ ከመዋጡ 2 ሰዓት በፊትና 1 ሰዓት በኋላ ምግብ አይነካም። ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር ቢወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን 10 እጥፍ ያህል ሊያድግ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ግን ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። አባትሽ ጨጓራ የሚጎዳውን መድኃኒት ውጠው 5 ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን ይቀመጣሉ። ፕሬድኒሶሎኑን በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙት፤ አቢራቴሮን የደም ግፊት እንዳያንርና ፖታሲየም እንዳይጥል የሚከላከለው እሱ ነው። የፕሬድኒሶሎኑን ሰዓት ወደ መጀመሪያው ምግብ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት።

ለሌሎቻችሁም፦ ከሌሎቹ የፕሮስቴት ካንሰር እንክብሎች ዳሮሉታማይድ ከምግብ ጋር ነው፤ ኤንዛሉታማይድ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። ለሽንት መቸገር የሚታዘዘው ታምሱሎሲን ከምግብ በኋላ ካልተወሰደ የደም ግፊት ወርዶ ሊያዞር ይችላል። ግሊቤንክላማይድን የመሰለ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ረጅም ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «ጾም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለኝም። የመድኃኒቱን ዝርዝር አሳዩኝ፣ ከዚያ እንነጋገር።

ባለቤቴ ጨረር ላይ ነበር፦
ስለ ውሃ ማንም አላነሳም። ጨረር ሲሰጥ የሽንት ፊኛ ሞልቶ፣ የታችኛው አንጀት ባዶ መሆን አለበት፤ ፊኛው ሲሞላ ትንሹ አንጀት ከጨረሩ መንገድ ይርቃል። ባለቤቴ ጾሙን ያለ ውሃ ነበር የያዘው። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ከተጋደመ በኋላ ፊኛው ባዶ ነው ብለው አስነሱት። ኮሪደር ላይ ውሃ እየጠጣ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ከ1 ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው እፍረት እስካሁን ያሳዝነኛል። የሚጾም ይጹም፤ ውሃ ግን አይከልከል።

የ66 ዓመቱ ታካሚ፦
ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ተምሬአለሁ፤ እኔም ዝርዝሬን አሳያለሁ። ነገር ግን ማስረጃ አልተሟላም ማለት ይጎዳል ማለት አይደለም። የሆርሞን ሕክምና ከሚያገኙ ሰዎች ጥቂት የማይባሉትን የሚገድለው ካንሰሩ ሳይሆን ልብ ነው። ወገቡ የሰፋን ሰው «ዝም ብለህ ብላ» ማለትም አደጋ ነው።

የሕዝብ ጤና ባለሙያ፦
በልቡ ጉዳይ እደግፍዎታለሁ። ሆኖም «ምን ይጎዳል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። በ2001 ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ሴሌኒየምና ቫይታሚን ኢ የፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከሉ እንደሆነ ለማየት ተጀመረ። ሁሉም ምንም አይጎዱም ብሎ ያመነባቸው ነበሩ። ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በክትትል ብቻ የተያዘ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸውን 478 ወንዶች ይዞ ግማሾቹን አትክልት በብዛት እንዲበሉ መከረ፤ በ2 ዓመት ውስጥ በካንሰሩ መባባስ ረገድ ልዩነት አልታየም። አትክልት ለልብ ይጠቅማል፤ ካንሰሩን ግን አላቆመም። የጾሙም ትልቅ ተስፋ በአብዛኛው ከአይጥ ቤተ ሙከራ የመጣ ነው።

ነርሷ፦
እህቴ፣ ወደ ወንበሩ ልመልስሽ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር 5 ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፤ አንቺ ሰዓት ያዢ፣ አጠገባቸውም ቁሚ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የጡንቻ ድካም ምልክት ነው። ቁጥሩን ከክብደታቸው ጋር ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪው። «ያሻውን ይብላ» የሚል ሐኪም ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ሲያይ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይጠራል። ሁሉም የሕክምና ክፍል ሳይጠየቅ ሊያደርገው የሚገባ ነበር።

አስታማሚዋ ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ለካሁት። ሦስቱን በ19 ሰከንድ ተነሳ፤ አራተኛው ላይ እጁን ወደ መደገፊያው ዘረጋ። መጀመሪያ ተቆጣኝ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ራሱ ጠርቶኝ የማይበላበትን ሰዓት ወደ 12 ዝቅ ላድርገው፣ ሐኪሙ ከፈቀደም አቢራቴሮኑን ከዋጥኩ ከ1 ሰዓት በኋላ ፕሬድኒሶሎኑን ከእንቁላል ጋር ልውሰድ አለኝ። እስከዚያ የመድኃኒቶቹን ሰዓት ሐኪሙ ሳያይ አንነካውም። ቀጠሯችን ሐሙስ ነው። 19 ሰከንዱን፣ 6 ኪሎውን፣ የመድኃኒቶቹን ሰዓት አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ካርዱ ውስጥ አስቀምጫለሁ።