ካምፓሳችን «ከካርቦን ነፃ» የሆነው መቼ ነው?

ኬሚስትሪ 4ኛ ዓመት፦ ትናንት ስብሰባ ላይ «መብራታችን ከውሃ ነው፣ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፣ ካምፓሳችን ከካርቦን ነፃ ነው» ተባለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄ አልታዘዘልኝም። ስንወጣ ከጀርባ ሁለት አይሱዙ የባህር ዛፍ እንጨት እያራገፉ ነበር። የሺህ ተማሪ ወጥ የሚበስለው በዚያ እንጨት ነው። ጄኔሬተሩስ? ሰርቪሱስ? ማን ለክቶ ነው ነፃ ያለን?

የማታ ተማሪ፦ ወገን፣ የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሀብታሙ ዓለም ፋብሪካውን አጭሶ ከብሯል፤ አሁን እኛ የካፌ እንጨት እንቁጠር? ድሃ ጭሱን አይቆጥርም።

የወጥ ቤት ልጅ፦ «ድሃ ጭሱን አይቆጥርም» ያልከው ነገር አንጀቴን አቃጠለኝ። እናቴ ካፌ ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። ሌሊት 10 ሰዓት ትገባለች። ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥብ ነው። ይጨሳል እንጂ አይነድም። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፍና ነው ድስቱን የምታማስለው። ቤት ስትገባ ዓይኗ በርበሬ የገባበት ይመስላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ትስላለች። እሷ ትቆጥረዋለች።

የማታ ተማሪ፦ ለእናትህ ክብር አለኝ። ግን ይሄ የጤና ጉዳይ ነው፣ አትደባልቁት። ባህር ዛፍ ደግሞ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል። ያወጣውን መልሶ ይስባል። ዜሮ ነው።

የደን ልጅ፦ ማቆጥቆጡ እውነት ነው። ዜሮ የሚሆነው ግን የተቆረጠውን ያህል መልሶ ሲበቅል ነው። የእኛ እንጨት ከየት ማሳ እንደሚመጣ የጠየቀ አለ? ዩኒቨርሲቲዎች ልቀታቸውን የሚለኩበት የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የሚባለው መመሪያም የእንጨቱን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብቻ አስቀምጡ ይላል እንጂ ተዉት አይልም። በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣው ሚቴን፣ ሌላው ሙቀት አማቂ ጋዝ፣ ደግሞ ዋናው ድምር ውስጥ ይገባል። እናቱን የሚያስላት ጭስና የምንለካው ጭስ ከአንድ ምድጃ ነው የሚወጣው። ማን ደባለቀ?

አካውንቲንግ ምሩቅ፦ መለካቱ እኮ ያን ያህል ከባድ አይደለም። እንጨቱ ሲገባ ሞዴል 19፣ የንብረት መቀበያ ደረሰኝ፣ ይቆረጣል። ናፍጣውም ደረሰኝ አለው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የዓመቱን ሊትር በዚያ ማባዛት ነው።

ሲቪል 3ኛ፦ ቆይ ቆይ። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ ኪሎ አይሞላም። 2.7 ከየት መጣ?

ኬሚስትሪ 4ኛ ዓመት፦ ከአየር። አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው። ክብደቱ የዚያ ነው።

ሲቪል 3ኛ፦ እሺ፣ ገባኝ። ከቆጠራችሁ ግን የመምህራኑንም የአውሮፕላን ጉዞ ቁጠሩ። ስኮፕ 3 ውስጥ፣ ማለትም በእኛ ሥራ ምክንያት ሌላ ቦታ የሚወጣው ልቀት በሚቆጠርበት ክፍል፣ አለ። ሁልጊዜ ካፌው ላይ ብቻ!

አንድ መምህር፦ ልጆቼ፣ በስንት ዓመት አንዴ ለምትገኝ ኮንፈረንስ አትክሰሱን። ይቆጠር፣ አልቃወምም። ከካፌው እንጨት ጋር እኩል አድርጋችሁ ግን አታቅርቡት።

ሲቪል 3ኛ፦ መምህር፣ እኩል ነው አላልኩም። ሳይለካ ግን በምን አወቁ?

የማታ ተማሪ፦ ይኸው፣ እርስ በርስ ተጣላችሁ። ቁጥር ወጥ አይሠራም። ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ እንዙር ብትሉ መብራት በጠፋ ቀን ያ ሁሉ ተማሪ ምን ይበላል?

የደን ልጅ፦ ሁሉም በአንዴ ይዙር ያለ የለም። እንጨቱ መጀመሪያ ይድረቅ፤ ለዚያ ቆርቆሮ መጠለያ ይበቃል። የጭስ ማውጫ ይሠራ። ከመጸዳጃ ቤትና ከትርፍራፊ ምግብ ባዮጋዝ ይወጣል። የትኛው ስንት እንደሚቀንስ የምታውቀው ግን ዛሬ ስንት እንደምታነድ ስታውቅ ነው።

አካውንቲንግ ምሩቅ፦ በ2020 ዓ.ም. ኮፕ 32፣ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እንግዳው «ልቀታችሁ ስንት ነው?» ቢለን ችግኝ ልናሳየው ነው?

የማታ ተማሪ፦ ለእንግዳ ብለን አንቆጥርም!

የወጥ ቤት ልጅ፦ ለእንግዳ አላልኩህም። ለእናቴ ነው ያልኩህ። ያቺን ቃል አንሳልኝ።

የማታ ተማሪ፦ እናትህን አልነካሁም። ቃሌን ግን አላነሳም።

ኬሚስትሪ 4ኛ ዓመት፦ የዚህን ዓመት ሞዴል 19 ማግኘት የሚችል ሰው ካለ በውስጥ ያናግረኝ።