ቀይ አሹ ውሃውን ይጠጣል፣ ነጩ ድንጋይ ላይ ግን ይተኛል፤ ሁለቱም ቀዳዳ አላቸው፣ ታዲያ ለምን?

ቤት_ሰሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት እየሰራን ነው። ለዝናብ ውሃ ማስረጊያና ለሽንት ቤት የሚሆን ጉድጓድ እያስቆፈርን ነበር፣ ያየሁት ነገር ግራ ስላጋባኝ የድንጋይ ነገር የሚገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ።

ከላይ ያው የምታውቁት ጥቁር መረሬ፣ የሚያጣብቀው ጭቃ አፈር ነው። ከሱ ስር ቀይ አሽ፣ ያ ቀለል ያለው ቀዳዳማ ቀይ ጠጠር ወጣ። ከቀይ አሹ ስር ደግሞ ነጣ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ በጥፍር ሲጫር ዱቄት የሚወጣው ድንጋይ ተገኘ። ቆፋሪዎቹ ቀይ አሹ ላይ አንድ በርሜል ውሃ ደፉበት፣ ወዲያው ጠጣው። ነጩ ላይ የደፉት ግን በማግስቱ ስንመጣም እዚያው ተኝቷል። የገረመኝ ይሄ አይደለም። ከነጩ ድንጋይ ቁራጭ ወስጄ ባልዲ ውስጥ ስከተው ከጎኑ ጥቃቅን አረፋ እየተከታተለ ወጣ፣ ሳወጣውም ክብደቱ ጨምሯል። ውስጡ ባዶ ቦታ ከሌለው አረፋው ከየት መጣ? መረሬውም ያው ነው፣ ውሃ ጠግቦ ያብጣል እንጂ ወደታች አያወርድም።

ቀዳዳ ያለው ሁሉ ውሃ ማሳለፍ የለበትም ወይ? የሚወስነው የቅንጣቱ መጠን ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ጉድጓዱንስ የቱ ላይ ላቁመው?

ብሎኬት_አምራች፦
እህቴ እኔ የተማርኩት ከሲሚንቶና ከጠጠር ነው፣ ስለ እሱ ልንገርሽ። አንድ ባልዲ ሙሉ 02 ጠጠር ሙይና ውሃ ጨምሪበት። ባልዲው በጠጠር ጢም ብሎ እያለ የባልዲውን 40 በመቶ ያህል ውሃ ይቀበልሻል። አሁን ውሃውን ድፊና ጠጠሩ ላይ አሸዋ እየነቀነቅሽ ሙይበት። አሸዋው በጠጠሩ መሃል ይገባል፣ ቀጥሎ የምትጨምሪው ውሃ በጣም ያንሳል። ኮንክሪት ሲቦካ 1 ሲሚንቶ ለ 2 አሸዋ ለ 3 ጠጠር የሚባለውም ለዚህ ነው፣ ትልቁ የተወውን ክፍተት መካከለኛው ይሞላል፣ የመካከለኛውን ሲሚንቶው። ስለዚህ ዋናው ነገር መጠኑ ብቻ ሳይሆን መጠኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ወይም መደባለቁ ነው። የተደባለቀ ሁሌም ይጠቀጠቃል። ገረጋንቲ ተመርጦ መንገድ ላይ የሚደለደለውም ትልቅና ደቃቁ አብሮ ስላለበት ነው፣ ሮለር ሲሄድበት ድርቅ ይላል።

አለት_አጥኚ፦
ብሎኬት አምራቹ ጥሩ ቦታ ጀምሮታል። እኔ ከዚያ ልቀጥል፣ ትንሽ ይረዝማል።

ሁለት ነገር ለያይተሽ እይው። አንዱ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ሌላው ውሃ በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ ይጓዛል የሚለው። አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይሄዱም። አንቺ ያየሽውም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ አደራደሩ። እኩል መጠን ያላቸውን ድቡልቡል ቅንጣቶች አንዱን በሌላው አናት ላይ ቀጥ አድርገሽ ብትደረድሪ 48 በመቶ የሚጠጋው ባዶ ነው። ያንኑ የላይኛውን ረድፍ በታችኛው ጎድጓዳ ላይ ብታስቀምጪው ወደ 26 በመቶ ይወርዳል። ልብ በይ፣ ይህ ቁጥር ቅንጣቱ ትልቅም ይሁን ትንሽ አይቀየርም። ደቃቅ አሸዋና ጠጠር እኩል ከተደረደሩ ባዶ ቦታቸው እኩል ነው። የሚለየው ባዶ ቦታው በስንት ቁራጭ መከፋፈሉ ነው። በጠጠር ውስጥ ጥቂት ሰፋፊ መተላለፊያ አለ፣ በደቃቁ ውስጥ እጅግ ብዙ ጠባብ መተላለፊያ። ጠባቡ ውስጥ ውሃው ግድግዳውን እየታከከ ስለሚሄድ ይያዛል። የቅንጣቱ ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በግምት አራት እጥፍ ይሆናል፣ በዚህ ስሌት ከሸክላ አፈር እስከ ንጹህ ጠጠር ያለው ልዩነት ከሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጉድጓድሽ። መረሬው ቅንጣቱ ከ0.004 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሸክላ ነው። ከግማሽ በላዩ ባዶ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ግን ውሃው ቅንጣቱ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር አይወርድም። ነጩ ድንጋይ፣ እንደገለጽሽው ከሆነ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ተደራርቦ የጠነከረ ነው። አመዱ ደቃቅ ስለሆነ ቀዳዳው ብዙ፣ መተላለፊያው ግን የፀጉር ያህል እንኳ አይሰፋም። አረፋው እውነት ነው፣ አየር አለ። ውሃው ግን የሚገባው በቀስታ፣ እየተሳበ ነው። አመዱ ትኩስ ሆኖ ወርዶ በራሱ ሙቀትና ክብደት ከተጣበቀ፣ ኢግኒምብራይት የምንለው ማለት ነው፣ ቀዳዳው ከዚህም ያንሳል።

ቀይ አሹ ሌላ ነው። ጋዝ ያዘለ ቅልጥ አለት ወደ ላይ ሲተፋ አየር ላይ እያለ ቁርጥራጭ ሆኖ ይደርቃል። እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን የበዛበት ነው። ነገር ግን ውሃሽን የጠጣው ቁራጭ ውስጥ ያለው ዓይን አይደለም፣ በቁራጭና በቁራጭ መሃል ያለው ሰፊ ክፍተት ነው። ቁርጥራጮቹ ሻካራና ጠማማ ስለሆኑ እርስ በርስ አይገጣጠሙም፣ ስለዚህ ሜትሮች ተቆልለው እንኳ አይጠቀጠቁም።

ቤት_ሰሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ተብሎ ተነግሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ደቃቅ ከሆነ አያሳልፍም፣ ቅንጣቱ ትልቅ ከሆነ ያሳልፋል ብዬ ልያዘው?

አለት_አጥኚ፦
እንደዚያ አትያዥው። ለኩሽና የሚገዛውን ግራናይት እይው። ቅንጣቱ በዓይን የሚቆጠር ነው፣ ብዙ ሚሊ ሜትር የሚደርስ። ሆኖም ያልተሰነጠቀና ያልበሰበሰ ግራናይት ባዶ ቦታው ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ አያልፍም። ምክንያቱም ቅንጣቶቹ ተደርድረው አይደለም የተቀመጡት፣ ከቅልጡ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲያድጉ አንዱ የሌላውን ጎን እየሞላ ነው የተቆላለፉት። እምነ በረድም እንዲሁ ነው፣ የኖራ ድንጋይ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ እንደገና ሲያድግ ቅንጣቶቹ ይገጥማሉ።

የአምቦ ድንጋይ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ነው። እሱ ውስጥ ቅንጣቶቹ ተደራርበው ከቆዩ በኋላ መሃላቸው የገባ ማዕድን አጣብቋቸዋል። የሚወስነው ማጣበቂያው ክፍተቱን ምን ያህል ሞላው የሚለው ነው። ጥቂት ከሆነ ድንጋዩ ውሃ ይቀበላል፣ ሙሉ ከሆነ አይቀበልም። በእጅሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ከሁለቱም ድንጋይ አዲስ የተሰበረ ጎን አዙሪና አንድ ጠብታ ውሃ ጣይበት። ግራናይቱ ላይ ጠብታው ሳይገባ ፊቱ ላይ ይቀመጣል፣ ማጣበቂያው ጥቂት የሆነ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ግን ጠርዙ እየጠቆረ ይሰፋና ይጠፋል።

ሚዛን ካለሽ ደግሞ ቁጥሩን ራስሽ ታወጪዋለሽ። ድንጋዩን አድርቀሽ መዝኝ፣ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሪው፣ ፊቱን በጨርቅ አብሰሽ እንደገና መዝኝ። 600 ግራም የነበረው 700 ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ገብቶበታል። የድንጋዩ ይዘት 400 ሚሊ ሊትር ከሆነ ውሃ የደረሰበት ባዶ ቦታ 25 በመቶ ነው። የተዘጋ ቀዳዳ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። አረፋ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፣ ቀዳዳው በዓይን እየታየ ውሃው ግን ፊቱ ላይ በተቆረጡት ብቻ ይገባል፣ መሃሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል።

ቁፋሮ_ላይ፦
ከማሽን በኩል የማየውን ልጨምር። ጠጣር ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ማለቴ ነው፣ ቁራጩን ብትወስዱት አንድ ጠብታ አያስገባም። ግን ጥሩ ውሃ ከባዛልት ይወጣል፣ ምክንያቱም ውሃው በቅንጣት መሃል ሳይሆን በስንጥቅና አንዱ ቅልጥ ከሌላው ጋር በተገናኘበት ስፍራ ነው የሚሄደው። ቀይ አሽና የተሰነጠቀ፣ አረፋ የበዛበት ባዛልት ሲገናኙ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ የሚሰጡት ውሃ ከእንዲህ ዓይነቱ አለት ነው።

በፎም፣ ማለትም የተቆፈረውን ወደ ላይ በሚያወጣ አረፋ፣ ስንቆፍር ቀይ አሽ ውስጥ መግባታችንን የምናውቀው በድምፅ ብቻ አይደለም። ከጉድጓዱ አፍ እየተመለሰ የነበረው ፎም ድንገት ይጠፋል፣ ሁሉንም አለቱ ይወስደዋል። ግድግዳው ራሱን ስለማይችልም ኬሲንግ፣ ግድግዳውን የሚደግፈው ቧንቧ፣ ቶሎ ካልገባ ይናዳል። ይህን ለእናንተም የምለው ነው፣ ቆፋሪዎቹን ቀይ አሹ ውስጥ ያለ ድጋፍ እንዳታወርዷቸው።

ውሃ_ጥበቃ፦
ማንም እስካሁን ያላነሳው ነገር አለ፣ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ቶሎ የሚያሰርግ አለት አያጣራም። ፍሳሽ በደቃቅ አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሄድ ጀርሙ ይያዛል፣ ይሞታል። በቀይ አሽ ሰፊ ክፍተት ውስጥ ግን ሳይጣራ ይወርዳል። እህታችን ያሉት በአቃቂ በኩል ነው፣ ብዙ ሰው የሚጠጣው ከዚያው ምድር የሚወጣ ውሃ ነው። የዝናቡን ውሃ ቀይ አሹ ላይ ያስርጉት፣ ምንም አይደል። የሽንት ቤቱን ግን በቀጥታ አይልቀቁበት። ውሃ የማያሳልፍ፣ ታችና ጎኑ በኮንክሪት የተሰራ ሴፕቲክ ታንክ ያሰሩና ያስመጥጡ። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ የተለመደ መመሪያ ነው፣ እንዲህ ባለ አለት ላይ ግን እኔ በዚያ ርቀት ብቻ አልተማመንም።

ቤት_ሰሪዋ፦
ስለ ሽንት ቤቱ ያልከው ነገር አስደንግጦኛል፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት። ታንኩን በኮንክሪት እናሰራዋለን። የዝናቡን ማስረጊያ ቀይ አሹ ላይ ከማቆማችን በፊት መሞከር ያለብኝ ነገር አለ?

አለት_አጥኚ፦
አለ። አንድ በርሜል ደፍቶ ማየት አይበቃም፣ ደረቅ ነገር መጀመሪያ ላይ ሁሌም ይጠጣል። መረሬው ራሱ በበጋ ሲሰነጠቅ ውሃ እንደ ጉድ ይወስዳል፣ ሐምሌ ላይ አብጦ ስንጥቁ ሲዘጋ ያው ይተኛበታል። ስለዚህ ቀይ አሹን አስቀድመሽ በደንብ አጠጪው፣ ይደር። በማግስቱ ጉድጓዱን ሙይና ምልክት ያለበት እንጨት አቁመሽ ውሃው በስንት ደቂቃ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ ጻፊ። ደጋግመሽ ሙይ፣ ፍጥነቱ መቀነሱን ሲያቆም ያ ነው እውነተኛው ቁጥር። ከዚያ የቀይ አሹን ውፍረት ለኪ። ቀጭን ከሆነ ውሃው ወርዶ ነጩ ድንጋይ ላይ ይጠራቀምና ወደ ጎን፣ ወደ መሠረትሽ ሊሄድ ይችላል። ነጩን ጠርጋችሁ ፊቱን እጠቡትና ስንጥቅ ካለው አሳዪን። ስንጥቁ በሸክላ የተሞላ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሪው።