የቀኝ የፊት ጎማ ይግላል፣ መኪናዋም ትያዛለች። ካሊፐር ልቀይር?

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ወገኖች። የምነዳው ቪትዝ ነው። ቤቴ ሱሉልታ፣ ሥራዬ ፒያሳ። ሰሞኑን መኪናዋ እንደ ድሮዋ አልሄድ ብላኛለች። ሜዳ ላይ ነዳጅ ስለቅላት መንሸራተት ትታ ከኋላ ሰው እንደያዛት ቶሎ ትቆማለች፣ ቤንዚንም መፍጀት ጀምራለች። የእንጦጦን ቁልቁለት ወርጄ አዲሱ ገበያ ስደርስ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። ትናንት ቆሜ ሳየው የቀኙ የፊት ቸርኬ እጅ አያስጠጋም፣ የግራው ግን ለብ ያለ ነው። ፔዳሉም እየሰመጠ ሄዶ ነበር፣ ትንሽ ስትቀዘቅዝ ተመለሰ። እሱ ነው በጣም ያስፈራኝ። ሰፈር ያለ መካኒክ ጎማውን እንኳ ሳይፈታ «ካሊፐሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ሸራው ገና አዲስ ነው። ሰፈራችን ክረምት ላይ ጭቃ ስለሆነ ላቫጆ ቶሎ ቶሎ አስገባታለሁ፣ እሱ ይሁን እንዴ? ዝም ብዬ ሶማሌ ተራ ወርጄ ካሊፐር ልግዛ ወይስ አስቀድሞ የሚታይ ነገር አለ?

መካኒክ ከቃሊቲ፦
እህቴ፣ ካሊፐሩን፣ ማለትም የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል፣ ለመግዛት አትቸኩይ። ከሁሉ በፊት ግን እስክትሠራ ድረስ በዚያች መኪና ቁልቁለት እንዳትወርጂ፣ አደራ። ፔዳሉ የሰመጠው የፍሬን ዘይቱ ስለፈላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ስለዚህ የእግርሽ ጉልበት እሱን ሲጨምቅ ያልቅና ሸራው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመለሰ ማለት ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም።

አሁን ምርመራው። ፍሬኑ በያዘበት ሰዓት ነው መታየት ያለበት፣ አድሮ ቀዝቅዞ ከመጣ ጎማው በነፃነት ዞሮ መካኒኩን ያሳስታል። ሜዳ መንገድ ላይ ቀስ ብለሽ ነድተሽ፣ መያዝ ስትጀምር ጋራዥ አስገቢያት። የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ ይደረግ፣ ፊቷ በክሪክ ይነሳ፣ ከስር ጠንካራ መደገፊያ ይግባ። በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ ማንም እጁን እንዳያስገባ። ጎማው በእጅ ይዙር። ከከበደ ካሊፐሩ ጀርባ ያለችው የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶ ትንሽ ትላላ። ዘይቱ ትኩስ ነው፣ ፊት አይጠጋ። ዘይት ጭል ብሎ ወጥቶ ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው፣ ያኔ ካሊፐሩን ተዉት፣ የሚፈለገው ከሱ በላይ ነው፣ ወይ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ወይ ፔዳሉን ስትረግጪ ዘይቱን የሚገፋው ማስተር። ብሎኗ ላልታም ጎማው እንደተያዘ ከቀረ ግን ጥፋቱ እዚያው ነው፣ ወይ ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጓል ወይ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተጣብቀዋል። ይቺ ሥራ ቁልፍ እና ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ሳይሠሯት «ይቀየር» የሚል ሰው እየገመተ ነው።

ለገጣፎ ነኝ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔን የጎዳኝ ቱቦው ነበር። አንድ ጋራዥ ካሊፐር አስቀየረኝ፣ በማግስቱም ጎማው እንደዚያው ጋለ። ቱቦው ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ውስጡ ግን አብጦ ተዘግቷል። ስትረግጪ በእግርሽ ግፊት ዘይቱ ያልፋል፣ ስትለቂ ግን የሚመልሰው ኃይል ስለሌለ እዚያው ይቀራል። ቱቦ ይሁን ማስተር ለመለየት፣ ቱቦው ከብረቱ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት ከላይ ያለው ማያያዣ ይላላ። እዚያ ሲላላ ጎማው ከተለቀቀ ከማስተር በኩል ነው፣ ካልተለቀቀና ታች ስትከፍቺ ብቻ ከተለቀቀ ቱቦው ነው። ለነገሩ ማስተር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጎማ በላይ ነው የሚይዘው፣ ያንቺ ግራው ደህና ስለሆነ እሱን ብዙ አልጠረጥርም።

የሱሉልታዋ፦
ሌላ ጋራዥ ወስጄ እንዳላችሁት አስደረግኩ። ብሎኗ ላልታ ዘይት ወጣ፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አላለም። ካሊፐሩ ሲፈታ የላይኛው ፒን ወጣ፣ የታችኛው እምቢ አለ። በመጨረሻ በፒንሳ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ቡናማ ዝገት ለብሶ፣ ጫፉ ላይ ደረቅ ጭቃ ተጋግሮበት ነበር። ፒኑን የሚሸፍነው ላስቲክ ጎኑ ላይ ተቀዷል። የውስጠኛው ሸራ ከውጭኛው በጣም ሳስቷል፣ ፊቱም እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። አሁን ምን ላድርግ?

መካኒክ ከቃሊቲ፦
እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተገኘ። ጭቃውና የላቫጆው ውሃ በተቀደደው ላስቲክ ገብተው ነው። ላቫጆውን አትተይ፣ ግን ዲስኩ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ አይረጭበት፣ ሊጣመም ወይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፒኑ ዝገቱ ሲጠረግ ለስላሳ ከሆነ ይመለስ፣ ከተቦረቦረ ይቀየር። የሚገባበት ቀዳዳም በደንብ ይጸዳ። ላስቲኮቹ አዲስ ይሁኑ። ቅባቱ ላይ ጠንከር በይባቸው፦ ለፍሬን የተሠራ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግሪስ እንጂ የኩሽኔታ ግሪስ አይደለም፣ ያኛው ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። በቤንዚን ወይ በናፍጣ ማጠብም እንደዚያው ጎሚኒ ያበላሻል፣ እኛ ጋ የተለመደ ስለሆነ ቆመሽ እዪ። ካሊፐሩ ሲፈታ በቱቦው አይንጠልጠል፣ በሽቦ ይታሰር። ፒስተኑም ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ ይገፋ፣ ያለ ትግል ከገባ ደህና ነው፣ ካልገባ ያኔ ስለ ካሊፐር እናወራለን።

ያ ያብረቀረቀ ሸራ ተቃጥሏል፣ የግራውም አብሮ ይቀየር፣ አለዚያ ስትረግጪ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ተለውጦ አየሩ ይውጣ። በዚያ ሙቀት የኩሽኔታው ግሪስ ቀልጦ ሊሆን ስለሚችል ጎማው ሲዞር ድምፅ እንዳለው ይሰማ። ሲያልቅ ሜዳ ላይ ፍሬን ሳታበዢ ነድተሽ ሁለቱን የፊት ቸርኬዎች አነጻጽሪ፣ ሙቀታቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። ቁልቁለቱን ደግሞ በዜሮ አትውረጂ፣ ከባድ ማርሽ አስገብተሽ ሞተሩ ይያዛት።

ሰበታ፦
ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የኔ የኋላው ነው የሚግለው፣ ታምቡር ነው። ያው ምርመራ ይሠራል?

ለገጣፎ ነኝ፦
ያንተ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን እይ ወንድሜ። ሽቦው ሲዝግ አውርደኸውም አይመለስም። መኪናዋን አንስተህ የእጅ ፍሬኑን አውርድ፣ ጎማው ከተያዘ ከስር ሽቦውን አላላው። ከተለቀቀ ሽቦው ነው። ካልተለቀቀ ታምቡሩ ይከፈት፣ ስፕሪንጎቹና ሲሊንደሩ ይታዩ።