ባዝ ሄጄ ገጠር ለገጠር መሮጥ እችላለሁ? ሰው ማሳ ውስጥ ብገባስ?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በመስከረም መጨረሻ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ እንግሊዝ፣ ባዝ ወደምትባል ከተማ ልሄድ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ሻንጣው ገና ነው። የሚያስጨንቀኝ ግን ትምህርቱም ብርዱም አይደለም። ሩጫው ነው።

ፈጣን ሯጭ አይደለሁም። በሳምንት አራት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር እነሳለሁ። አንዳንዴ ወደ ፋሲል መዋኛ ወርጄ የቁስቋምን ዳገት እወጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በባጃጅ ወለቃ ድረስ ሄጄ ከዚያ ወደ ገጠሩ እገባለሁ፣ የምወደውም እሱን ነው፤ አስፋልቱን ትቼ በማሳው መሀል ባለችው የእግር መንገድ፣ የሚያርሰውን ሰው «እንዴት አደሩ» እያልኩ፣ ልጆቹ ከኋላ እየተንጋጉ። ውሻ ከመጣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሱ መምሰል ነው።

እዚያ ይሄ እንዴት ነው? ፎቶ ላይ የማየው ሁሉ አጥር ነው። አረንጓዴ ሜዳ፣ አጥር፣ ሌላ ሜዳ፣ ሌላ አጥር። ባለቤት ያለው መሬት ላይ ዘው ብዬ ብገባ ፖሊስ ይጠራብኛል? በዚያ ላይ ለብቻዬ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ጥቁር ነኝ። ከ8 እስከ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ በድሮ መንደር በኩል የሚያልፍ መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ። «ጂም ግቢ» ልትሉ ያሰባችሁ አትድከሙ።

ጎሃ ተራራ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ምንም አታስቢ። እነሱ ጋ ሕግ አለ፣ የፈለግሽው ማሳ ላይ መሮጥ መብትሽ ነው። ገበሬው ትንፍሽ አይልም። የአክስቴ ልጅ ኤደንብራ ነው የሚኖረው፣ እሱ ነው የነገረኝ።

የድሮ ተማሪ፦
ጎሃ፣ የአክስትህ ልጅ አልዋሸም። ግን ኤደንብራ ስኮትላንድ ናት። እዚያ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ፣ በሥርዓት እስከሄድክ ድረስ ብዙው መሬት ክፍት ነው። እንግሊዝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷን ሰው ጓሮ አታስገባብን።

እህቴ፣ ባዝ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፣ እዚያው ነው ሩጫ የጀመርኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ መሬቱ የሰው ነው፣ በላዩ ላይ የሚያልፈው መንገድ ግን የሕዝብ ነው። የጥንት ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ገበያ ሲሄድ የረገጠው መንገድ በሕግ ተመዝግቦ ቀርቷል። እንግሊዝና ዌልስ ላይ ሲደመር ወደ 225 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ባለማሳው ሊዘጋው አይችልም። መሀል ለመሀል የሚያልፈውን ቢያርሰው እንኳ መልሶ መንገዱን የማውጣት ግዴታ አለበት። እኔ መጀመሪያ ጊዜ የአንዱ ስንዴ መሀል ስገባ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ሰውዬው ትራክተሩ ላይ ሆኖ እጁን አነሳልኝ፣ በቃ።

ምልክቱን ልመጂ። ቢጫ ቀስት ካየሽ ለእግረኛ ነው፣ ግቢ። ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ይመጣል። ቀስት ከሌለ አትግቢ፣ እዚያ ላይ ባለቤቱ ሊቆጣሽ መብት አለው። «የግል» የሚል ሰሌዳ ከቀስቱ አጠገብ ብታዪ ደግሞ አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ የግል የሚለው መሬቱን ነው እንጂ መንገዱን አይደለም። ስልክሽ ላይ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለውን የመንግሥት ካርታ ድርጅት ካርታ ጫኚ። 1፡25,000 የሚለው ላይ የሕዝብ መንገዶቹ በአረንጓዴ የተቆራረጠ መስመር ተስለዋል፣ አጥሩ ሳይቀር ይታያል። ወረቀቱም ጥሩ ነው፣ ስልክ በዝናብ እምቢ ሲል።

አንድ የማይታለፍ ነገር፦ በር። የተዘጋ በር ከፍተሽ ካለፍሽ መልሰሽ ዝጊ። ክፍት ካገኘሽው ክፍት ተዪው። በር ክፍት ጥለሽ በግ መንገድ ላይ ከወጣ ያኔ በእውነት ትሰደቢያለሽ፣ ደግሞም ይገባሻል።

አሁን መንገዱ። ዩኒቨርሲቲው ክላቨርተን ዳውን የሚባል ኮረብታ ላይ ነው። ከዶርም ወጥተሽ ጥቂት ደቂቃ ሳትሄጂ «ባዝ ስካይላይን» የሚሉት ዙር ላይ ነሽ፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ጫካ፣ ሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ከተማዋ በሙሉ ከታች። መንገዱ ዳር ሻም ካስል የሚባል ግንብ ታያለሽ። እኔ ጎንደሬ ነኝና ግንብ ሳይ ልቤ ደነገጠ፣ ሮጬ ከኋላው ዞርኩ። ባዶ! ፊት ብቻ ነው። በ1762 እ.ኤ.አ. ራልፍ አለን የሚባል ሀብታም ከከተማ ቤቱ መስኮት ሲያይ እንዲያምርለት ያሠራው ግድግዳ ነው። ለፋሲል ግንብ ሰው ይሄንን ማሳየት ነውር ነው።

ረጅም ሲያምርሽ ቦዩን ያዢ። ኬኔትና ኤቨን የሚባል በሰው እጅ የተቆፈረ የጀልባ ቦይ ነው፣ በ1810 እ.ኤ.አ. ነው ተሠርቶ ያለቀው። ድሮ ጀልባውን ፈረስ ከዳር ሆኖ ነበር የሚጎትተው፣ የፈረሱ መንገድ አሁን የሯጭ ሆኗል። ሜዳ ነው፣ ዳገት የለም። ከባዝ ባዝሃምተንን አልፎ፣ ዱንዳስ ላይ ውሃው ራሱ በድልድይ ወንዙን ተሻግሮ (ቆመሽ ታዪዋለሽ፣ ጀልባ ከወንዝ በላይ ሲሄድ)፣ እስከ ብራድፎርድ ኦን ኤቨን ወደ 16 ኪሎ ሜትር ነው። ብራድፎርድ አሮጌ ከተማ ናት፣ በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ትልቅ የእህል ጎተራ አላት፣ ገዳም ነበር ባለቤቱ። ጣሪያው ስር ቆመሽ እንጨቱን ቀና ብለሽ እዪ። ከዚያ ላብሽ ሳይደርቅ ባቡር፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ባዝ ነሽ።

እታለም ቀሃ፦
ሰላም ልጄ። እኔ እዚያው ባዝ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ልጆች አሳድጌ ነው ሩጫ የጀመርኩት። የድሮ ተማሪ ያለው ልክ ነው ግን ወንድ ነውና ያልነገረሽ አለ።

መጀመሪያ ብርሃኑ። እኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ሰዓቷን ታውቃለች። እዚህ ታኅሣሥ ላይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሲል ጨለማ ነው፣ ጠዋትም 2 ሰዓት አልፎ ነው የሚነጋው። ሰኔ ላይ ደግሞ ከማታው 3 ሰዓት በኋላም ብርሃን አለ፣ እንቅልፍ ይነሳሻል። ስለዚህ የ12 ሰዓቱን ሩጫሽን ክረምታቸው ላይ እርሺው። ቦዩ ዳር መብራት የለም፣ ሲመሽ ብቻሽን አትሂጂ። ቀን ግን ውሻ የሚያንሸራሽር፣ ብስክሌተኛ፣ ጀልባው ላይ ቡና የሚያፈላ ሰው አይጠፋም።

ሰዉ እንዴት ያየኛል ላልሽው፦ ገጠር ውስጥ አላፊ አግዳሚው ሰላም ይላል፣ ከተማ ውስጥ ግን ዓይንሽን እንኳ አያይም። አንዳንድ መንደር ላይ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ የምታይ አሮጊት አትጠፋም። እኔ ቀድሜ «ሞርኒንግ» እላለሁ፣ አስራ ምናምን ዓመት ሆነኝ፣ ክፉ የተናገረኝ ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱም መኪና ውስጥ ሆነው ነው። አልሸነግልሽም፣ አለ። ግን ከቤት አያስቀርም። መጀመሪያ ሰሞን ከሰው ጋር ሩጪ። ቅዳሜ ጠዋት በእነሱ 9 ሰዓት፣ በእኛ 3 ሰዓት፣ ፓርክራን የሚሉት 5 ኪሎ ሜትር አለ፣ በነፃ ነው፣ አንዴ በኢንተርኔት ተመዝግበሽ ባርኮድሽን መያዝ ብቻ ነው። አብሬያቸው የምሮጠውን ሴቶች ያገኘሁት እዚያ ነው።

መኪና። የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ አጥር፣ የእግረኛ ቦታ የለውም። እዚህ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንቺ በቀኝ ሩጪ፣ የሚመጣው ፊት ለፊትሽ እንዲሆን። ጎንደር የለመድሽው ተገልብጧል፣ ሰውነትሽ እስኪለምድ ይሳሳታል። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ጠባብ ኩርባ ላይ ግን ቀድመሽ ወደ ግራ ተሻገሪ፣ ሹፌሩ እንዲያይሽ።

ላም። ሳቂብኝ ግዴለሽም።

ጎሃ ተራራ፦
ኧረ እታለም! ላም?! ጎንደር ላይ ከላም ጋር እየተጋፋን አይደል እንዴ ያደግነው።

እታለም ቀሃ፦
አዎ ላም። የእኛ ላም እረኛ አላት፣ ሰው ለምዳለች። የእነሱ ሜዳ ላይ ብቻዋን ውላ የምታድር ናት፣ ጥጃ ከያዘች ደግሞ አትጠጊያት፣ ሰው የገደሉበት ጊዜ አለ። በላምና በጥጃዋ መሀል አትለፊ። ሩጫሽን አቁመሽ በእርምጃ፣ ዳር ዳሩን ይዘሽ እለፊ። መንገዱን ለቅቀሽ ብትዞሪያቸው ማንም አይወቅስሽም። እንደ ወለቃ ውሻ ድንጋይ ያነሳሁ ልምሰል ብትዪ አይሠራም ልጄ።

ሳማም አለ። ያው የኛው ሳማ፣ በጋቸው ላይ መንገዱን ይሸፍናል፣ ቁምጣ ለብሰሽ ከገባሽ ታለቅሻለሽ። የሚገርምሽ ልክ እንደ እኛ ልጆች ቱልት የሚመስል ቅጠል ቀጥፈው ያሹበታል። ባየሁ ጊዜ አያቴ ትዝ አለችኝ።

ጭቃው ደግሞ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። የአስፋልት ጫማ ይዘሽ እንዳትገቢ፣ ጥርስ ያለው ግዢ።

የአዘዞ ልጅ፦
ማንም ያላነሳው ነገር፦ ጃንሆይ በስደት ጊዜ የኖሩት እኮ ባዝ ነው! ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም.። ፌርፊልድ ሃውስ ይባላል፣ ኋላ ለከተማዋ አረጋውያን ብለው ሰጥተውታል። በሩጫ ይደረሳል ወይ?

የድሮ ተማሪ፦
ይደረሳል እንጂ። ኒውብሪጅ የሚባለው ሰፈር ነው። ከዚያው አካባቢ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ አሁን አስፋልት የሆነ መንገድ ይነሳል፣ እስከ ብሪስቶል ድረስ 21 ኪሎ ሜትር፣ ያው ግማሽ ማራቶን ማለት ነው። ጭቃ ሲያስመርርሽ እሱን ሩጪ። ዳገት ከፈለግሽ ደግሞ ኮትስዎልድ በሚባሉት ኮረብታዎች ላይ የሚሄድ ኮትስዎልድ ዌይ የሚሉት የእግር መንገድ አለ፣ ከባዝ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በር ተነስቶ ቺፒንግ ካምደን ድረስ 164 ኪሎ ሜትር። ሁሉንም አይደለም ያልኩሽ! ኬልስተን ራውንድ ሂል እስከሚሉት ጉብታ ውጪና ተመለሺ። አናቱ ላይ ጥቂት ዛፎች አሉ፣ ከዚያ ባዝም ብሪስቶልም ይታያል።

ትንፋሽ አያሳስብሽ። አንቺ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው የምትሮጪው። የኮትስዎልድ ጫፍ የሚባለው 330 ሜትር ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ክንፍ ያወጣሽ ይመስልሻል፣ እንዳትፎክሪ፣ ይለቃል።

ለመንደር ከሆነ ላኮክ ሂጂ። በባቡር ቺፕንሃም፣ ከዚያ በአውቶቡስ። መንደሩ በአብዛኛው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ንብረት ነው፣ ቤቶቹ እንደተጣመሙ ቆመዋል። ገዳሟ በ1232 እ.ኤ.አ. የተመሠረተች ናት። በ1835 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፎክስ ታልቦት የሚባለው ሰው የዚያችኑ ገዳም መስኮት ፎቶ አነሳ፣ ኔጌቲቩ እስከ ዛሬ አለ። ቅዳሜና እሁድ ግን ቱሪስት ይርመሰመሳል፣ በጠዋት ካልሆነ መሮጥ ሳይሆን መገፋፋት ነው።

የማራኪዋ፦
እናንተ! ሁለት ቀን ሥራ ስፈታ አነበብኩት። ለካ በር መዝጋት ነው ዋናው። የላሙን ነገር ለእናቴ አልነግራትም።

እታለም ቀሃ፣ ውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። ጥርስ ያለው ጫማ ከዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ?

እታለም ቀሃ፦
እዚሁ ግዢ። ጫማ የሚይዘውን ቦታ በርበሬና ሽሮ አድርጊበት። ንጥር ቅቤ ግን አታስቢው፣ አያስገቡትም፣ እኔ አንዴ እያለቀስኩ ጥዬዋለሁ። መጥተሽ ሁለተኛው ቅዳሜ ስካይላይንን አብረን እንዞራለን፣ ዳገቱ ላይ ጠብቂኝ እንጂ።

ጎሃ ተራራ፦
እኔ አሁንም ላም የምትፈራ ጎንደሬ አላምንም።