ቁጥር ሳልይዝ ሥራዬን በምን ላሳይ?

የክፍያ መተግበሪያ ዩኤክስ (የተጠቃሚ ተሞክሮ) ዲዛይነር ነበርኩ። ባለሀብቶቹ እጃቸውን ሲሰበስቡ ቡድናችን ተበተነ። አሁን ፊግማ በሚባለው የዲዛይን መሣሪያ ላይ ስክሪን መንደፍ ብቻውን አያስቀጥርም። የምርት ማናጀሩ ራሱ ለኤአይ ጽፎ የሚሠራ ፕሮቶታይፕ (የሙከራ ናሙና) በደቂቃዎች ያወጣል።

እኔም መሣሪያዎቹን ተማርኩ፤ ፈጠንኩም። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ፍጥነቴን የሚጠይቅ የለም። "ዲዛይንሽ ምን ለወጠ?" ነው የሚሉኝ። ጥያቄው ልክ ነው። የምዝገባውን ሂደት ሳሳጥር መሃል ላይ የሚያቋርጠው ሰው ቀንሷል፤ ቁጥሩ ግን የድርጅቱ ሚስጥር ስለሆነ ይዤው መውጣት አልቻልኩም። ሌላ የታወቀ መተግበሪያ ወስጄ፣ እንደተለመደው በ5 ተጠቃሚዎች ፈትሼ፣ የተደናቀፉበትን አስተካክዬ አቀረብኩ። "ይሄ የልምምድ ሥራ ነው" ተባልኩ።

ሚስጥሩን ሳላወጣ፣ የምዝገባው ሥራዬ ለውጥ ማምጣቱን ለቀጣሪ በምን ላሳምን?