የሽያጩ ሶፍትዌር 40፣ ፒችትሪ 52፣ መጋዘን ውስጥ 37! ሲስተሞቻችን እንዲናበቡ ምን ላድርግ?

የመጋላው ሱቅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ድሬ ነኝ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ በጅምላ እንሸጣለን። ሱቁ መጋላ ነው፣ መጋዘኑ ሳቢያን፣ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ደሞ አንድ ቅርንጫፍ አለን። ሽያጭ የምንመዘግበው በሽያጭ ሶፍትዌር ነው፣ ሒሳቡ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ነው የሚሠራው፣ የቴሌግራም ኦርደር የምትቀበለው ልጅ ደሞ ጉግል ሺት ላይ ትይዛለች። ሦስቱ አይናበቡም።

ባለፈው ማክሰኞ የሐረሩ ልጅ ደወለልኝና 2.5 ሽቦ ስንት ጥቅል አለ አለኝ (ይሄ ሽቦ ሳቢያን ብቻ ነው ያለው)። ሽያጩ ላይ ሳይ 40፣ ፒችትሪ ላይ 52። ደንበኛው መኪና ይዞ 40 ሊጭን ከሐረር ወርዷል፣ ሳቢያን ሄጄ በእጄ ስቆጥር 37 ነው። ሰውየው አልተቆጣም ግን ከዛ በኋላ መኪና ሳይልክ በፊት ሁለቴ እየደወለ ነው የሚያረጋግጠው፣ እሱ ነው ያሳመመኝ።

አንድ ሲስተም የሚሠራ ድርጅት ነበር በየ10 ደቂቃው ሽያጩንና ፒችትሪን በሁለቱም በኩል የሚያናብብ ነገር የሠራልን። ከዛ ወዲህ ባሰብን። የደንበኛ ስልክ ጠዋት አስተካክዬ ከሰዓት ሳየው አሮጌው ቁጥር ተመልሶ ቁጭ ብሏል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ 18 ሰነድ ሁለት ሁለቴ ገባ፣ የሽያጭም የግዢም አለበት። አንዱ ደንበኛችን መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሃመድ እየተባለ ሦስት ሰው ሆኗል፣ ዱቤውም ለሦስት ተከፋፍሎ ማን ስንት እንዳለበት ጠፋን። አሁን ድርጅቱ የሚለው ሌላ ውድ የማገናኛ ሶፍትዌር ግዙ ነው። ሰኔ 30 ዓመቱን ከመዝጋታችን በፊት ማጥራት እፈልጋለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ከየት ልጀምር?

—

ፈረስ መጋላ

አቦ ምንም እንዳትገዛ ገና። ሐረር ነኝ ሥራዬ ይሄው ነው፣ ላለፉት ዓመታት ፋርማሲም ጅምላ ሱቅም ሲስተም ሳገናኝ የኖርኩ ነኝና አምነህ ስማኝ፣ ችግርህ የሶፍትዌር ማነስ አይደለም። ችግርህ ለእያንዳንዱ መረጃ ባለቤት አለመሾምህ ነው።

ወረቀት አውጣና ጻፍ። የዕቃ ስምና ዋጋ የሚቀየረው የት ነው? የደንበኛ ስልክስ? የመጋዘን ቁጥርስ? የዱቤ ሒሳብስ? ለእያንዳንዱ አንድ ሲስተም ብቻ ባለቤት ይሁን፣ ሌላው ቅጂ ይያዝ እንጂ መቀየር አይችል፣ በፐርሚሽን ዝጋው። ስልክህ ለምን ተመለሰ መሰለህ፣ በሁለቱም በኩል የሚያናብብ ነገር ሁለት የተለያየ ቁጥር ሲያገኝ ማን ትክክል እንደሆነ አያውቅም፣ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ የተጻፈውን ነው የሚወስደው። ፒችትሪ ላይ ያለው የደንበኛ ካርድ በሌላ ምክንያት ተከፍቶ ሴቭ ከተደረገ አሮጌው ስልክ «አዲስ» ሆኖ ይመጣና ያንተን ይደመስሰዋል። ስለዚህ በተቻለ መጠን መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ይሁን። ሽያጭ ወደ ሒሳብ ይሄዳል፣ ከሒሳብ ወደ ሽያጭ የሚመለስ ነገር ካለ በጣም ጥቂት ይሁን፣ ለምሳሌ የዱቤ ጣሪያ።

ስለ 18ቱ ሰነድ ደሞ ልንገርህ፣ ይሄ እኛ አገር በጣም የሚያጋጥም ነው። ማገናኛው ሰነዱን ይልካል፣ ፒችትሪ ይቀበላል፣ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ሳይመለስ ኔትወርኩ ይቆረጣል ወይ መብራት ይሄዳል። ላኪው አልደረሰም ብሎ ሲነሳ ድጋሚ ይልካል። ድጋሚ መላኩ ጥፋት አይደለም፣ እንደውም መላክ አለበት፣ ጥፋቱ ተቀባዩ ጋ ነው። እያንዳንዱ ሰነድ ሲወለድ የራሱ የማይቀየር ቁጥር ይኑረው፣ ተቀባዩ መጀመሪያ «ይሄን ቁጥር አይቼዋለሁ ወይ» ብሎ ይጠይቅ፣ አይቶት ከሆነ ዝም ብሎ «ደርሶኛል» ይበል። 100 ጊዜ ቢላክ አንዴ ነው የሚገባው። ቁጥሩን ሱቁ ራሱ ይስጠው እንጂ ሰርቨር እስኪሰጠው አይጠብቅ፣ ኢንተርኔት ሳይኖርም ትሸጣለህ አይደል? የሐረሩ በ«ሐ» የድሬው በ«ድ» ይጀምር፣ ሐ-00451 እና ድ-00451 መቼም አይጋጩም። ያልተላከው ደሞ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተራ ይዞ ይጠብቅ፣ መስመር ሲመለስ በቅደም ተከተሉ ይሂድ።

—

ሒሳብ ሠሪዋ

ከላይ ያለው ወንድሜ ልክ ነው፣ እኔ በሒሳብ በኩል ያለውን ልጨምር፣ ድሬ ውስጥ የሦስት ድርጅት ፒችትሪ እይዛለሁ።

መጀመሪያ ባክአፕ!! ፒችትሪ ውስጥ ኢምፖርት ካደረክ በኋላ በአንድ ቁልፍ ወደኋላ መመለስ የለም። ከኢምፖርት በፊት ባክአፕ ያልያዘ ሰው አንድ በአንድ ሲሰርዝ ያድራል፣ አይቻለሁ። ሲሞከርም ዋናው ካምፓኒ ላይ ሳይሆን ኮፒው ላይ ይሞከር።

የደንበኛውን ስም እርሳው። ስም መለያ አይሆንም፣ ባማርኛ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ለኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ለየብቻ ፊደል ናቸው፣ ስለዚህ ሦስት መሐመድ ብታገኝ አይገርምም። ድርጅት ከሆነ በቲን ለይ፣ 10 ዲጂት ነው። ግን ተጠንቀቅ፣ ብዙው ቲን በዜሮ ዜሮ ይጀምራል፣ ከሲስተሙ የምታወጣውን ሲኤስቪ (ሠንጠረዡን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) በኤክሴል በደብል ክሊክ ስትከፍተው ዜሮዎቹን ይበላቸዋል፣ ሴቭ ስታደርገው ደሞ 8 ዲጂት ሆኖ ይቀራል። የባርኮዱን 13 ዲጂት 6.29E+12 አድርጎ ያሳይሃል። ፋይሉን በደብል ክሊክ አትክፈት፣ በዳታ ኢምፖርት በኩል ገብተህ ኮለሙን ቴክስት በለው፣ ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ የሚነበቡበትን ኮድ) ዩቲኤፍ 8 አድርግ አለዚያ ያማርኛው ስም ሁሉ ምስቅልቅል ምልክት ሆኖ ይመጣል።

ስልክም እንደዛው፣ አንዱ 09 ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ +2519፣ አንዱ በ9 ይጀምራል። አንድ መልክ ምረጡና ሁሉም ሲገባ ወደዛ ይቀየር። 07ንም አትርሱ፣ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 የደንበኞች ሙከራውን መጀመሪያ እዚሁ ድሬ ላይ ሲጀምር እኛ ጋ የነበረው ሶፍትዌር ከ09 ውጪ አልቀበልም ብሎ ልጆቹ ሴቭ እንዲያደርግላቸው የውሸት 09 ቁጥር ይሞሉ ነበር። እነዛ የውሸት ቁጥሮች እስከዛሬ እየተላለፉ ናቸው፣ አንዴ የገባ የተበላሸ ዳታ ሲስተም በተገናኘ ቁጥር ይባዛል።

ቫቱም ላይ ሳንቲም ታጣለህ። 15 ፐርሰንቱን አንዱ ሲስተም በየመስመሩ አስልቶ ያጠጋጋል ሌላው ድምሩ ላይ። 10.30 ብር የሆነ ዕቃ 10 መስመር ላይ ቢሸጥ በየመስመሩ 1.545 ወደ 1.55 ይጠጋጋና 15.50 ይመጣል፣ ድምሩ ላይ ከተሰላ ግን 103 ብር ነውና 15.45። 5 ሳንቲም ናት ግን ወር ሙሉ ተጠራቅማ ስትመጣ ምንጯን ፍለጋ ሁለት ቀን ይሄዳል። ማገናኛው እንደገና አያስላ፣ ደረሰኙ ላይ የወጣውን ቫት እንዳለ ይውሰድ።

—

የመጋላው ሱቅ

አላህ ይስጣችሁ ወላሂ፣ ሁለታችሁንም። ባክአፑን ዛሬውኑ እይዛለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ረመዳን ላይ እስከ ሌሊት ነው የምንከፍተው ታውቁታላችሁ፣ የዛ ወር የየቀኑ ሽያጭ ከካዝናው ጋ አንድም ቀን አልገጠመም። የወሩ ድምር ግን ልክ ነው። ይሄስ ምንድነው?

—

ፈረስ መጋላ

ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ውጪ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚይዘው፣ ከኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው። እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ቀኑ ሲቀየር እሱ ጋ ገና ያው ቀን ነው፣ እስከ ሌሊቱ 9 ድረስ የሸጥከው ሁሉ ለሪፖርቱ የትላንት ሽያጭ ነው። በሌላ ወር በ2 ሰዓት ማታ ስለምትዘጋ አልታየህም። ዳታቤዙ በዩቲሲ ይያዝ ችግር የለውም፣ ግን ሪፖርት ሲወጣ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ተቀይሮ ቀኑ ይቆረጥ።

ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጽሑፍ እንዳትልክ። 05/01/2017 ብለህ ብትልክ አንዱ መስከረም 5 ይለዋል፣ ሌላው ጃንዋሪ 5፣ ሌላው ሜይ 1። ጳጉሜ ላይ ደሞ ወር 13 የሚባል አላውቅም ብሎ ይመልሰዋል። ከውስጥ በፈረንጅ ዓመት ዓመቱ ቀድሞ ይቀመጥ፣ ለሰው ስክሪን ላይ ብቻ ወደኛ ይቀየር።

—

ከዚራ ጥላ ሥር

እኔ ትንሽ ለየት ልበል። ሁላችሁም ስለ 40 እና 52 ነው የምታወሩት፣ 37ቱን ግን ማንም አላነሳውም። የፈለገው ማገናኛ ቢገጠም ከመጋዘን ዕቃ በወረቀት የሚወጣ ከሆነ ሁለቱም ሲስተም ተስማምተው አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚያሳዩህ። እንደውም ያ ይብሳል፣ ሲጋጩ ቢያንስ ታያለህ። የመጋዘን ዘበኛው ወይ ስቶር ኪፐሩ ደብተር ያለው ከሆነ ያን ደብተር ዛሬ ማታ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሌላው፣ ማታ ስትዘጉ ሦስት ቁጥር ብቻ ከሁለቱም ሲስተም አውጥታችሁ አስተያዩ፣ የዛሬ ደረሰኝ ብዛት፣ ጠቅላላ ብር፣ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር። 5 ደቂቃ አይፈጅም። ልዩነት ካለ የዛኑ ማታ ይታያል፣ ያኔ ሰውም ያስታውሰዋል፣ ከወር በኋላ ግን ማን ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ የለም። የተሰረዙትንም ተከታተል፣ ማገናኛህ «ካለፈው ወዲህ ምን ተቀየረ» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ የተሰረዘ ነገር አያገኝም፣ የለማ። ስለዚህ ማንም እንዳይሰርዝ፣ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይደረግበትና ከነምልክቱ ይተላለፍ።

—

ሒሳብ ሠሪዋ

ደብተሩ ላይ እስማማለሁ። የጉግል ሺቷንም ልጅ አትርሷት፣ ኦርደር ገና ሽያጭ አይደለም፣ ሺቱ ከስቶክ መቀነስ የለበትም፣ ዕቃውን ለደንበኛው መያዝ (ሪዘርቭ ማድረግ) ብቻ ነው ያለበት።

—

የመጋላው ሱቅ

አገኘሁት!! ማታውን ሳቢያን ሄጄ ከስቶር ኪፐሩ ጋ ደብተሩን ገለጥን። 3 ጥቅል ሽፋኑ የተሰነጠቀ ሆኖ ለአስመጪው ተመልሷል፣ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፣ ሲስተም ላይ ማንም አላስገባውም። ፒችትሪ ላይ ደሞ መብራት የሄደ ቀን የገባ የ12 ጥቅል ግዢ ሁለቴ ተመዝግቧል፣ ያው የአስመጪ ደረሰኝ ቁጥር ሁለቱም ላይ አለ። 52 ሲቀነስ 12፣ ከዛ 3፣ ይኸው 37።

ማገናኛውን በወዲያ በኩል አስዘግቻለሁ፣ ከሽያጭ ወደ ፒችትሪ ብቻ ነው አሁን የሚሄደው። የደረሰኝ ቁጥሩን በ«ሐ» እና በ«ድ» ለማስጀመር ድርጅቱን ነገ አናግራለሁ፣ የቀሩትን 17 ሰነዶች ደሞ ከሒሳብ ሠራተኛችን ጋ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ በአንድ እናያለን። የሐረሩን ደንበኛ ደውዬለታለሁ፣ የቀሩት 3 ጥቅሎች አዲሱ ዕቃ ሲገባ መጀመሪያ ለሱ ይጫናሉ።